የሣር ኤሬሽንና ኮምፖስት ማልበስ ሥራን በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ መጀመር

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በአካባቢያቸው ሣር አጭዶ የሚያድር ሰው ብዙ ነው፤ ለማጨድ የሚከፈለውም ዋጋ በዚያው ልክ ወርዷል። የተጠቀጠቀ አፈር በስቶ (ኤሬሽን የሚባለው ይህ ነው)፣ ዘር ዘርቶ፣ ላዩን በኮምፖስት የሚያለብስ ግን ያን ያህል አይገኝም። ማሽኑ በቀን ስለሚከራይ ለመጀመር ብዙ ካፒታል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ልኬት ነው፦ የግቢው ስፋት፣ የኮምፖስቱ ክብደት፣ የአፈሩ እርጥበት፣ የወቅቱ ቀናት። ከእነዚህ አንዱን በግምት የያዘ ሰው ቀኑን ሙሉ ለፍቶ ባዶ እጁን ይገባል።

ሥራው ለምን እንደሚያስፈልግ ለደንበኛ ማስረዳት መቻል አለባችሁ። የአካባቢው አፈር በአብዛኛው ሸክላማ ነው፤ በቀለም ባይመሳሰልም ጠባዩ አገር ቤት መረሬ እንደምንለው ነው፣ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይደድራል። ቤቶቹ ሲሠሩ የላዩ ለም አፈር ብዙ ጊዜ ተጠርጎ ይወሰድና የቀረው በከባድ ማሽን ይረገጣል። በዚያ ላይ የተነጠፈ ሣር ሥሩ ወደ ታች አልወርድ ይላል፤ ዝናቡም ሳይሰርግ ወደ መንገድ ይፈሳል። ኤሬሽን ከ2 እስከ 3 ኢንች የሚረዝም፣ የጠርሙስ ቡሽ የሚመስል አፈር እየመዘዘ ያወጣል። ቀዳዳው አየርና ውሃ ያስገባል፣ ኮምፖስቱም በዚያው ወርዶ ከሸክላው ጋር ይዋሃዳል።

ወቅቱ

በዚህ አካባቢ የቤት ግቢዎች በብዛት የሚገኘው ቶል ፌስኪው የሚባለው ሣር ነው። ቀዝቀዝ ያለ አየር የሚወድ ስለሆነ በሰመሩ ሙቀት ይዳከምና ቀኑ ሲበርድ ያንሰራራል። ትክክለኛው ጊዜ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ ማብቂያ እስከ ጥቅምት መግቢያ። ሰባት ሳምንት ማለት ነው። ከዚያ ላይ እሑዶችንና የዝናብ ቀናትን ስትቀንሱ ሠላሳ የሥራ ቀን ቢተርፍ ነው። እንቁጣጣሽና መስቀል የሚውሉት በዚሁ መካከል ስለሆነ አብረዋችሁ የሚሠሩት ሐበሾች ከሆኑ እነዚያን ቀናት ቀድማችሁ ከቀጠሮ አውጡ። ደንበኛ መመዝገብ ያለበት በጁላይ ነው፤ ሴፕቴምበር የሥራ እንጂ የማስታወቂያ ጊዜ አይደለም።

ዞይዥያና ቤርሙዳ የሚባሉት ሣሮች ከዚህ ውጪ ናቸው። ሙቀት ወዳዶች ስለሆኑ በብርዱ ወራት እንደ ገለባ ይነጣሉ፤ የሚበሱትም ሙሉ በሙሉ ከለመለሙ በኋላ፣ በሜይ መጨረሻና በጁን ነው። በመጸው ከተበሱ ቁስላቸው ሳይድን ይተኛሉ። ስለዚህ ከመዋዋላችሁ በፊት ሣሩ ምን እንደሆነ እወቁ፤ ካልለያችሁት ባለቤቱን «ሣራችሁ በጃንዋሪ ምን ይመስላል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ወረቀቱ

ኤልኤልሲ (የግል ንብረታችሁን ከድርጅቱ ዕዳ የሚለይ የድርጅት ዓይነት) ማስመዝገብ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም 100 ዶላር ነው። ሜሪላንድ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እስከ ኤፕሪል 15 የሚቀርብ ሪፖርት ትጠይቃለች፤ መደበኛ ክፍያው 300 ዶላር ነው። የግብር መለያ ቁጥሩን የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት አይአርኤስ በነፃ ይሰጣል፤ ለዚህ ገንዘብ ለሚጠይቅ ድረ ገጽ አትክፈሉ። በሥራችሁ በሰው ወይም በንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍለውን የጠቅላላ ኃላፊነት ኢንሹራንስ ግዙ፤ የግል መኪና ኢንሹራንስ ለሥራ በሚውል መኪና ላይ የደረሰ አደጋን አብዛኛውን ጊዜ ስለማይሸፍን የመኪናውንም ለውጡ።

አፈር መብሳት፣ ዘር መዝራትና ማዳበሪያ መጨመር በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። በሜሪላንድ ከኦክቶበር 2013 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት በክፍያ ማዳበሪያ የሚበትን ሰው ከግዛቱ ግብርና መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ ሊኖረው ወይም ማረጋገጫው ባለው ሰው ቁጥጥር ሥር ሊሠራ ይገባል፤ ፎስፈረስ ደግሞ የአፈር ምርመራ ካላዘዘ ወይም ሣሩ አዲስ ካልተተከለ በቀር አይፈቀድም። ለአረም መድኃኒት ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ወቅት በኤሬሽን፣ በዘርና በኮምፖስት ብቻ ጀምሩ። ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝበት በሞንጎመሪ ካውንቲ በግል ሣር ላይ ብዙ ዓይነት ፀረ አረም መርጨት ስለተከለከለ ያለ መድኃኒት ሣሩ እንዲጠነክርለት የሚፈልግ ደንበኛ አለ፤ ይህን ስትሸጡ እውነቱን ነው የምትናገሩት። እዚያው ካውንቲ በቤንዚን የሚሠራ የቅጠል ማራገቢያ ከጁላይ 2025 ጀምሮ፣ በዲሲ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ መጠቀም ክልክል ነው። ለማጽጃ የባትሪውን ግዙ።

ማሽኑ

ጥርሱ ውስጡ ክፍት መሆን አለበት። ሹል ብረት የሚወጋ መሣሪያ አፈር አያወጣም፤ የቀዳዳውን ግድግዳ ይበልጥ ይጠቀጥቀዋል። ክፍት ጥርስ ካላቸው ማሽኖች አንደኛው ዓይነት ጥርሶቹ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ናቸው፤ ቀላልና ብዙ የማይበላሽ ነው፣ ግን በመዞሪያው ላይ ጥርሱን ካላነሳችሁ ሣሩን ይቀደዋል። ሌላው ጥርሶቹን እንደ ስፌት መኪና መርፌ ወደ ላይና ወደ ታች ይመታል፤ ጠለቅ ብሎ ይበሳል፣ መዞርም ያቀላል፣ ግን ይወደዳል፣ ጥገናውም ይበዛል። በመጀመሪያው ዓመት ተከራዩ። የሴፕቴምበር ቅዳሜና እሑድ ማሽኖች ስለሚያልቁ ኦገስት ውስጥ ያዙ፤ ስትረከቡም ጥርሱን እዩት። አልቆ ያጠረ ጥርስ የሚያወጣው ቡሽ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነው፣ ደንበኛው ደግሞ የሚከፍለው ለጥልቀት ነው። እነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹ ከ200 ፓውንድ በላይ ስለሚመዝኑ መወጣጫ ያለው ተጎታች ያስፈልጋል። በሁለት ሰው አንስቶ ፒካፕ ላይ መጫን ወገብ የሚጎዳበት ዋናው መንገድ ነው።

ለኮምፖስቱ፣ ለትንሽ ግቢ የሽቦ ወንፊት ከበሮ ይበቃል፤ እየገፉት ሲሄዱ ያንጠባጥባል። ከ5,000 ስኩዌር ፊት በላይ ሲሆን ራሱ የሚሄደውን መበተኛ ተከራዩ። ከመምጣታችሁ በፊት የጓሮውን በር ለኩ፤ ማሽኑ ካልገባ ሥራው ሁሉ በእጅ ጋሪ ይሆንና የሰጣችሁት ዋጋ ይፈርሳል።

ልኬትና ኮምፖስት

የቦታው ስፋት ተብሎ ኢንተርኔት ላይ የተጻፈውን የሣር ስፋት አድርጋችሁ አትውሰዱ። ሩብ ኤከር 10,890 ስኩዌር ፊት ነው፤ ቤቱ፣ የመኪና መግቢያው፣ በረንዳውና የአበባ መደቡ ሲቀነሱ ሣሩ ከግማሹ ብዙም ላይበልጥ ይችላል። በሳተላይት ካርታ ላይ ለኩ፣ ከዚያ ቦታው ላይ በሚሽከረከር መለኪያ አረጋግጡ።

የሚለብሰው ውፍረት ሩብ ኢንች ነው። ለ1,000 ስኩዌር ፊት ከአንድ ኪዩቢክ ያርድ ሦስት አራተኛ ትንሽ በለጥ የሚል ኮምፖስት ይፈጃል፤ ለ5,000 ስኩዌር ፊት 4 ኪዩቢክ ያርድ ማለት ነው። ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው፦ አንድ ኪዩቢክ ያርድ እርጥብ ኮምፖስት ከ1,000 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። ተራ ፒካፕ በአንድ ጉዞ ከአንድ ያርድ ብዙም ሳይበልጥ ጎማው ይጎብጣል፣ ፍሬኑም ይከዳል። ሁለት ያርድና ከዚያ በላይ ሲሆን አቅራቢው በገልባጭ እንዲያደርስ አድርጉ፤ የመኪና መግቢያው ላይ መጀመሪያ ሸራ አንጥፉ፣ አለበለዚያ ጥቁር እድፉ ኮንክሪቱ ላይ ይቀራል።

በእጅ ለምትሠሩ፦ 6 ኪዩቢክ ፊት የሚይዝ ጋሪ በሩብ ኢንች ውፍረት 290 ስኩዌር ፊት ገደማ ያለብሳል፤ 17 በ17 ጫማ የሆነ አራት ማዕዘን ነው። ባንዲራ ተክላችሁ ግቢውን በዚህ ልክ ከፋፍሉትና በየአንዱ አንድ ጋሪ ድፉ። ውፍረቱን በዓይን ከመገመት ይህ እጅግ የተሻለ ነው።

ኮምፖስቱ የበሰለና በ3/8 ኢንች ወንፊት ያለፈ ይሁን። ሽታው የጫካ አፈር ሽታ ነው፤ አሞኒያ ከሸተተ ወይም ክምሩ ውስጡ አሁንም የሚያቃጥል ከሆነ አልበሰለም፣ አትግዙ። ጨብጣችሁ ስትለቁት መፈርፈር አለበት፤ ውሃ ካንጠባጠበ መበተኛው ውስጥ ይጓጉላል። ሜሪላንድ ውስጥ ሌፍግሮ በሚል ስም የሚሸጠው፣ ከቅጠልና ከታጨደ ሣር የሚሠራው ኮምፖስት በቀላሉ ይገኛል። ከፈረስ ጋጣ የሚመጣ ርካሽ ኮምፖስት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ድርቆሹ ላይ የተረጨ ፀረ አረም ሳይፈርስ ሊቆይ ይችላል። ሣሩን አይነካውም፣ ከአጠገቡ የተተከለውን ቲማቲምና ቃሪያ ግን ያጨማድደዋል። በአንዲት ጣሳ ባቄላ ዘርታችሁ ሁለት ሦስት ሳምንት ብታዩት ይነግራችኋል።

አሸዋ አትበትኑ። የጎልፍ ሜዳ አሸዋ ሲለብስ ያየ ደንበኛ ይጠይቃችኋል፤ እነዚያ ሜዳዎች ብዙ ጊዜ ከሥራቸውም በአሸዋ የተሠሩ ናቸው። ሸክላ ላይ ጥቂት አሸዋ ሲጨመር ድብልቁ እንደ ጡብ ይጠነክራል።

የሥራው ቀን

ቀደም ብላችሁ ወደ 811 ደውሉ፤ አገልግሎቱ ነፃ ነው፣ የመብራት፣ የጋዝና የቴሌኮም መስመሮች ከመሬት በታች የሚያልፉበትን ቦታ በቀለም ያመለክታሉ። የባለቤቱን የግል መስመሮች ግን አያመለክቱም። ማሽኑ የሚቆርጣቸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እነዚያን ነው፦ ውሻ ከግቢ እንዳይወጣ ከአፈር አንድ ሁለት ኢንች በታች የሚቀበረው ሽቦ፣ የግቢ መብራት ገመድ፣ የስፕሪንክለር ራስ። ባለቤቱ ራሱ ባንዲራ እንዲተክልባቸው ውሉ ላይ ጻፉ፤ ያልተመለከተ መስመር ቢቆረጥ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነም አብሮ ይጻፍ። በዚሁ ዓመት የዘር ማብቀል የሚከለክል መድኃኒት ተረጭቶ እንደሆነም ጠይቁ፤ ተረጭቶ ከሆነ የምትዘሩት ዘር ላይበቅል ይችላል።

ሣሩ ወደ 2 ኢንች ተኩል ይታጨድ። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት አንድ ኢንች ያህል ውሃ ይጠጣ። ጠዋት ስትደርሱ ረጅም ጠመንጃ መፍቻ አፈሩ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ፦ በእጅ ግፊት እስከ እጀታው ከገባ ጀምሩ፤ ካልገባ ደርቋል፣ ማሽኑ እየዘለለ ይሄዳል። ጫማ ላይ ጭቃ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ጥርሱ ውስጥ ይደፈናል፣ አፈሩም ይጠቀጠቃል፤ ቀጠሮ ለውጡ።

አንድ ጊዜ ወደ ርዝመቱ፣ አንድ ጊዜ አግድም ብሱ። አንድ ጫማ በአንድ ጫማ የሆነ የእንጨት ክፈፍ ሠርታችሁ መሬት ላይ ጣሉና ቀዳዳውን ቁጠሩ፤ ከ20 በታች ከሆነ ሦስተኛ ዙር ያስፈልጋል። ቀጥሎ ዘሩን ዝሩ፦ ለነባር ሣር በ1,000 ስኩዌር ፊት ከ3 እስከ 4 ፓውንድ፣ ለተራቆተ ቦታ ከ6 እስከ 8። ኮምፖስቱ ከዘሩ በኋላ ይለብሳል። በሬክ ጀርባ እየገፋችሁ አስተካክሉት፤ የሣሩ ጫፍ ከላይ መታየት አለበት። ግማሽ ኢንች ካለፈ ሣሩ ታፍኖ ይቢጫል።

የወጣው አፈር እዚያው ይቀራል፤ በሁለት ሦስት ሳምንት ይፈርሳል። ይህን አስቀድማችሁ ካልነገራችሁ ደንበኛው የውሻ ኩስ የሞላበት ግቢ ያገኘ መስሎት ይደውላል። ወደሚቀጥለው ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ጥርሱን እጠቡ፤ የአንዱ ግቢ አረም ወደ ሌላው የሚሻገረው በማሽኑ ላይ ነው።

ዋጋ

ሒሳቡን በወረቀት ሥሩ። ለ5,000 ስኩዌር ፊት፣ ለምሳሌ ያህል፦ 4 ያርድ ኮምፖስት 160 ዶላር፣ ማድረሻ 80፣ 20 ፓውንድ ዘር 60፣ የቀኑ የማሽን ኪራይ ለሦስት ቤት ሲካፈል 33፣ ሁለት ሰው ለአምስት ሰዓት በ25 ዶላር 250፣ ነዳጅና ኢንሹራንስ 60። ድምሩ 643። ከገቢው 30 በመቶ ትርፍ ከፈለጋችሁ 643ን ለ0.7 አካፍሉ፤ 919 ገደማ ይሆናል። በ1.3 ብታባዙ 836 ይመጣል፣ ትርፉም 23 በመቶ ላይ ይቆማል። የራሳችሁን ሰዓት ያለ ደመወዝ አትቁጠሩ፤ ሰው ስትቀጥሩ ወጪው እዚያው ይመጣል። ኮምፖስት የተጨመረበትን ዋጋ ብዙ ቤት ስለማይችለው ኤሬሽንና ዘር ብቻ የያዘ ሌላ ዋጋም አቅርቡ፤ በአንድ መንገድ ላይ አራት አምስት ጎረቤት በአንድ ቀን ከያዛችሁ እሱም ያዋጣል።

ሒሳቡን ስትቀበሉ የውሃውን መመሪያ በጽሑፍ ስጡ፦ ለሁለት ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ላዩ እንዲረጥብ ያህል ብቻ፤ ከበቀለ በኋላ እያራራቁ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት። አዲሱ ሣር 4 ኢንች አካባቢ ሲደርስ ይታጨድ። የኦክ ቅጠል ሲራገፍ ቶሎ ይጠረግ፤ ቅጠል የተኛበት ቡቃያ ታፍኖ ይሞታል፣ ደንበኛውም የሚወቅሰው ዘሩን ነው። ከሥራው በፊትና ከሠላሳ ቀን በኋላ ከአንድ ቦታ ሆናችሁ ፎቶ አንሱ፤ የሚቀጥለው ዓመት ጁላይ ላይ ለጎረቤቱ የምታሳዩት እሱን ነው።