የሸጥኩትን የናፍጣ መኪና ውል ያገኘሁበት መንገድ

እንግሊዝ አገር የመኪና አምራቾች በናፍጣ መኪኖች የጭስ ልቀት ምርመራ ላይ አጭበርብረዋል በሚል የካሳ ጥያቄ አቅርቤ «የባለቤትነት ማስረጃ ይጎድላል» እየተባለ ሦስት ጊዜ ተመለሰብኝ። መኪናውን ከሸጥኩት ቆይቷል።

ቪ5ሲ የሚባለውን ሊብሬ ፎቶ ላክሁ፤ አልሆነም። የባለቤትነት ማረጋገጫ አለመሆኑ እኮ እዚያው ላይ ተጽፏል! የባንክ ሂሳብ መግለጫው ክፍያውን እንጂ የሻንሲ ቁጥሩን አያሳይም። መኪናውን ስገዛ ያበደረኝ ድርጅትም በስልክ «ሂሳቡ ተዘግቷል» ብሎ ሸኘኝ።

በመጨረሻ የሠራው፦ ለዚያው አበዳሪ፣ በመረጃ ጥበቃ ሕግ መሠረት ስለ እኔ የያዘውን መረጃ ሁሉ እንዲልክልኝ በኢሜይል ጻፍኩ። ክፍያ የለውም፤ መልስ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜም አንድ ወር ነው። በ19ኛው ቀን የፈረምኩት የብድር ውል ከነዋጋው፣ ከነቀኑና 17 ፊደልና አሃዝ ካለው የሻንሲ ቁጥር ጋር ደረሰኝ። የካሳ ጥያቄዬም ተመዘገበ። ስትጽፉ የዚያን ጊዜ አድራሻችሁን ጨምሩ፤ ፋይሉን የሚያገኙት በእሱ ነው።