ሰትኤክስ ፓዙን ሲቆርጠው፦ የዊንዶውስ ቫሪያብልና የኮንሶል ችግሮች ከነመፍትሄያቸው

ሲኤምዲ (cmd፣ የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት) መክፈት፣ በአድሚን ማስነሳት ምናምን ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው። ቫሪያብል ማለት ፕሮግራሞች የሚያነቡት ስም ያለው ዋጋ ነው፣ ሰትኤክስ (setx) እሱን በቋሚነት የሚያስቀምጥ ትእዛዝ ነው፣ ኤኮ (echo) ዋጋውን ስክሪን ላይ ያትማል፣ ፓዝ (PATH) ደግሞ ዊንዶውስ ፕሮግራም የሚፈልግባቸውን ፎልደሮች ዝርዝር የያዘ ቫሪያብል ነው። በቀጥታ ወደ ችግሮቹ።

«ሰትኤክስ አደረኩ፣ ሰክሰስ አለኝ፣ ግን ኤኮ ሳደርገው የለም»

ሰትኤክስ የሚጽፈው ሬጅስትሪ (ዊንዶውስ ሴቲንጎቹን የሚያስቀምጥበት ቋት) ላይ ነው፣ አሁን የተከፈተውን መስኮት አይነካም። ማንኛውም ፕሮግራም ሲነሳ የቫሪያብሎቹን ኮፒ ከከፈተው ፕሮግራም ይወርሳል፣ ከዛ በኋላ ሬጅስትሪው ቢቀየርም ኮፒው እንደነበረ ይቀጥላል። ስለዚህ መስኮቱን ዝጉና አዲስ ክፈቱ። ቪኤስ ኮድ ውስጥ ከሆናችሁ ተርሚናሉን ብቻ መዝጋት ዋጋ የለውም፣ ተርሚናሉ የሚወርሰው ከራሱ ከቪኤስ ኮድ ስለሆነ ሁሉንም የቪኤስ ኮድ መስኮት ዘግታችሁ እንደገና አስነሱት። ስክሪፕቱ እዛው የሚፈልገው ከሆነ ሁለቱንም ጻፉ፣ ሰት (set) ለአሁን፣ ሰትኤክስ ለወደፊት።

«አዲስ ነገር ፓዝ ላይ ጨመርኩ፣ ከዛ ሌላው ሁሉ መስራት አቆመ»

ሰው ይዞ የሚመጣው ችግር በብዛት ይሄ ነው፣ መንስኤውም ሁሌ ያቺው አንድ መስመር ናት፦

ሰትኤክስ ፓዝ "%ፓዝ%;ሲ:\ቱልስ"

እባካችሁ ይቺን መስመር የትም ብታገኟት ኮፒ አታድርጓት። ሦስት ጉዳት በአንዴ ታደርሳለች። አንደኛ፣ ሰትኤክስ ከ1024 ፊደል በላይ አይጽፍም፣ የተረፈውን ቆርጦ ይጥለዋል። ተቆርጧል የሚል ዋርኒንግ ያወጣል፣ ግን ከስሩ ሰክሰስ ስለሚል ሰው የሚያየው ሰክሰሱን ነው። ሁለተኛ፣ %ፓዝ% ማለት የሲስተሙ ፓዝ ከፊት የዩዘሩ ከኋላ ተቀጥለው ነው፣ ያ ሁሉ ዩዘር ፓዝ ላይ ይገለበጣል፣ የሚቆረጠው ደግሞ ጅራቱ ስለሆነ የሚጠፋው የራሳችሁ ፓዝ ነው፣ መጨረሻ ላይ የቀጠላችኋት ሲ:\ቱልስ ራሷ ቀድማ ትሄዳለች! /ኤም (/m) ከጨመራችሁበት ደግሞ የሲስተሙን ፓዝ ነው የምትጽፉበት፣ ያኔ ጉዳቱ ኮምፒውተሩን ለሚጠቀም ሁሉ ይደርሳል። ሦስተኛ፣ በፐርሰንት ተጽፎ የነበረው ሁሉ ተፈቶ ደረቅ ጽሁፍ ሆኖ ይቀመጣል። አንድ ልጅ ጃቫ ሆምን (የጃቫን ፎልደር አድራሻ የያዘውን ቫሪያብል) ወደ 17 ቀይሮ ጃቫው አሁንም 8 ነኝ እያለው ኮምፒውተሩን ፎርማት ሊያደርግ ነበር፣ ፓዙን ከፍተን ስናይ %ጃቫ_ሆም%\ቢን የነበረው ቦታ የድሮው ፎልደር ሙሉ አድራሻ ተጽፏል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄን መስመር ሎግኢን ስክሪፕት ውስጥ የሚከት ሰው ነው። አንድ ቢሮ ሰራተኛው በገባ ቁጥር ስክሪፕቱ ይሮጥ ነበር፣ በገባ ቁጥር የሲስተሙ ፓዝ ዩዘሩ ላይ አንዴ ይደገማል፣ እየተደጋገመ 1024 ሲሞላ የሰራተኞቹ ጊትና ፓይተን አንድ በአንድ «ኢዝ ኖት ሬኮግናይዝድ» (ትእዛዙ አይታወቅም) ማለት ጀመሩ። ስክሪፕቱን የጻፈው ሰው ደግሞ ውጤቱን ወደ ነል (nul፣ የተላከለትን ሁሉ የሚውጥ ባዶ ቦታ) ልኮታል፣ ዋርኒንጉን ማን ይየው? ሰትኤክስን ነል ላይ አትላኩ፣ የሚለውን አንብቡ።

ከተቆረጠባችሁ፦ ምንም መስኮት አትዝጉ! በጣም ወሳኝ ነው፣ ሪስታርትም አታድርጉ። ከመቆረጡ በፊት የተከፈተ ሲኤምዲ ሁሉ የድሮውን ፓዝ ይዞታል፣ እዛ ላይ ፓዙን ኤኮ አድርጋችሁ ፋይል ላይ አስቀምጡት። ሲኤምዲ ከሌለ ፕሮሰስ ኤክስፕሎረርን (የሚሮጡ ፕሮግራሞችን የሚያሳይ የማይክሮሶፍት መሳሪያ) አውርዳችሁ ከበፊት ጀምሮ ክፍት የነበረ ማንኛውንም ፕሮግራም ፕሮፐርቲስ ክፈቱ፣ ኢንቫይሮመንት የሚለው ታብ ላይ ሙሉው ፓዝ አለ። ከዛ ዊንዶውስ ሰርች ላይ ኢንቫይሮመንት ብላችሁ ጽፋችሁ በሚመጣው መስኮት የሲስተሙን ወደ ሲስተም፣ የራሳችሁን ወደ ዩዘር እየለያችሁ መልሱ።

ስትጨምሩም በዛው መስኮት ጨምሩ። በስክሪፕት ካልሆነ አይሆንም ካላችሁ ፓወርሼል (ሌላው የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት) ተጠቀሙ፣ ጌትኢንቫይሮመንትቫሪያብል (GetEnvironmentVariable) በሚለው የዩዘሩን ፓዝ ብቻ አንብቡ፣ ፎልደሩ ቀድሞ እንደሌለ ቼክ አድርጉ፣ ከሌለ ቀጥላችሁ በሰትኢንቫይሮመንትቫሪያብል (SetEnvironmentVariable) መልሱ፣ እሱ 1024 ላይ አይቆርጥም። ግን ሲያነብ ፐርሰንቶቹን ስለሚፈታ እንደ %ጃቫ_ሆም% ያለ ነገር ካለበት በመስኮቱ ይሻላል። ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ ሬጅስትሪ ላይ ከረንት ዩዘር ስር ያለውን ኢንቫይሮመንት ኤክስፖርት አድርጉ፣ ሲስተሙን ከሆነ የምትነኩት የሱንም።

ሌሎቹ አጭር ናቸው።

ቫሪያብሉ መጨረሻ ላይ ጥቅስ ምልክት ተለጥፎበት ከመጣ "ሲ:\ዳታ\" ብላችሁ ነው ለሰትኤክስ የሰጣችሁት፣ የመጨረሻውን ባክስላሽ አውጡት።

ሰት ስም = 5 ብላችሁ ባዶ ካወጣ፣ ከእኩል ምልክቱ በፊት ያለው ስፔስ የስሙ አካል ሆኗል። ሁሌም ሰት "ስም=5" ብላችሁ ጻፉ።

ኢፍ ወይ ፎር ቅንፍ ውስጥ የድሮውን ዋጋ የሚያትመው፣ ሲኤምዲ ቅንፉን በሙሉ ካነበበ በኋላ ስለሆነ የሚሮጠው ነው፣ ፐርሰንቱ ገና ሲነበብ ተተክቷል። ሰትሎካል ኢኔብልዲሌይድኤክስፓንሽን (setlocal enabledelayedexpansion) አድርጉና በ!ስም! ተጠቀሙ። ፋይል ስማችሁ ውስጥ ቃለ አጋኖ ካለ ግን ይበላዋል፣ ተጠንቀቁ።

«ኤኮ ኢዝ ኦፍ» ካለ ቫሪያብሉ ባዶ ነው። ኤኮ:%ስም% ብላችሁ ኮለን ብትጨምሩ ባዶ መስመር ያወጣል።

ቁጥር ወደ ፋይል ስትጽፉ ፋይሉ ባዶ ከሆነ፣ ኤኮ %ቁ%>ፋይል ላይ የቁጥሩ ዋጋ 2 ሲሆን 2> ሆኖ የኤረር መስመር ማዞሪያ ተደርጎ ይነበባል። >ፋይል ኤኮ %ቁ% ብላችሁ አገላብጡት።

አማርኛ ሲያትም የተበላሸ ፊደል ካወጣ ባች ፋይሉን (ትእዛዞቹ የተጻፉበትን ፋይል) ዩቲኤፍ 8 (UTF-8) ያለ ቦም (BOM፣ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የሚገባ የማይታይ ምልክት) ሴቭ አድርጉ፣ ከላይ ሲኤችሲፒ 65001 (chcp 65001) ጨምሩ። ቦም ካለው የመጀመሪያዋ መስመር ኤረር ትሰጣለች። ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ ሳጥን ሳጥን ብቻ ከመጣ ጥፋቱ የፎንቱ ነው፣ ስክሪፕቱን አትነካኩ፣ በዊንዶውስ ተርሚናል ክፈቱት።