ነዳጅ የነካው ፔንግዊን እንዴት ይታጠባል

ኬፕታውን ሱቅ ስሠራ በእረፍት ቀኔ የባሕር ወፍ ማገገሚያ እየሄድኩ አግዝ ነበር። ጓደኞቼ "ዶሮ ማጠብ አልበቃህም?" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ዶሮ ማጠቡ መጨረሻ ላይ ጠቅሞኛል፤ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ መያዝ። ወፍራም ጓንት አድርጉ፣ ፎጣ ጣሉበት፣ ከኋላ በኩል ጭንቅላቱን ያዙ። ፊታችሁን አታስጠጉ፣ ምንቃሩ ቀልድ አያውቅም።

ከዚያ አትጠቡት! ሁሉም ሰው ወደ ሳሙና ይሮጣል። ላባው ነዳጅ ሲጠጣ ብርዱ ቆዳው ድረስ ይገባል፤ ወፉ ራሱን ለማጽዳት ላባውን ሲለቅም ደግሞ ነዳጁን ይውጣል። ደክሟል፣ ውኃ ጠምቶታል፣ በዚያ ላይ ብታጥቡት እጃችሁ ላይ ይሞታል። ሙቅ ቦታ አስቀምጡት፣ በቱቦ ፈሳሽ ስጡት፣ ሰርዲን አብሉት (የቆርቆሮውን አይደለም)። አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ቆሞ ሲነክሳችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ለእጥበት ደርሷል ማለት ነው።

ሩቅ ቦታ ላይ ፈተናው ይኸው ከእጥበት በፊት ያለው ማሞቅና ማብላት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ትሬዠር የተባለችው መርከብ እዚያው ኬፕታውን አጠገብ ስትሰጥም ወደ 19 ሺህ ፔንግዊን በነዳጅ ተበክሎ አብዛኛው ተርፏል። በ2011 ኦሊቫ የተባለችው አኩሪ አተር ጫኝ መርከብ ደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ መሃል ያለችው ናይቲንጌል ደሴት ላይ ስትሰበር ግን ሌላ ነበር፤ ቦታው አውሮፕላን ማረፊያ የሌለው፣ ከኬፕታውን በመርከብ ሳምንት ገደማ የሚወስድ ነው። አጠገቧ ያለችው ደሴት፣ የትሪስታን ደ ኩና ነዋሪዎች ከ3,700 በላይ ፔንግዊን በጀልባ አምጥተው፣ የመዋኛ ገንዳቸውን ሳይቀር ለቀውላቸው፣ በሕይወት ወደ ባሕር የተመለሱት 400 አይሞሉም። እንዲህ ያለ ቦታ የምትሄዱ ከሆነ ከሳሙናው በፊት ዓሣና ማሞቂያ ጫኑ።

እጥበቱ ራሱ ቀላል ነው። 40 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውኃ፣ ተራ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለጭንቅላቱ የጥርስ ብሩሽ። አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያጥባል። ውኃው ሲጠቁር ወደ ቀጣዩ ሳፋ። "ላምባ ቅባት ያስለቅቃል" የሚል ብልጥ አይጠፋም፤ ቆዳውን ያቃጥለዋል፣ አባሩት።

ጉዱ ማለቅለቁ ላይ ነው። ነዳጁ ለቆ ሳሙናው ከቀረ ላባው ውኃ ያስገባል፣ ስለዚህ ምንም አልሠራችሁም። ግፊት ባለው ሙቅ ውኃ፣ ከላባው አቅጣጫ በተቃራኒ፣ እስከ ሥሩ። ብብቱን፣ የእግሩን ሥር፣ ሆዱን። ያጠባችሁበትን ያህል ጊዜ ቢወስድ አይግረማችሁ።

አንድ ቀን ማታ ደክሞኝ፣ ሦስት ወፍ ወረፋ እየጠበቀ፣ የአንዱን ሆድ ለይምሰል አለቅልቄ "በቃ ጠራ" አልኩ። በማግስቱ ገንዳ ውስጥ ሲገባ ጎኑ ወደ ውኃ አዘነበለ፣ ከዚያ እየተንቀጠቀጠ ወጣ። ሆዱን ገለጥ ሳደርገው ላባው ሥር ያለው ለስላሳው እንደ እርጥብ ጥጥ ተጣብቋል። እንደገና መታጠብ ነበረበት። ሁለተኛውን እጥበት አልቻለውም።

እናቴ የዶሮ ወጥ ዶሮ ስታጥብ "ጠራ" ስላት "ገና ነው" ትለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም እንደዚያው ነኝ። የደረሰ ላባ ላይ ውኃው ጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ጠብታ ክብ ሆኖ ይንከባለላል። ካልተንከባለለ ገና ነው።

በፎጣ አትፈትጉ፣ ሙቅ ክፍል ውስጥ ራሱ ላባውን ያስተካክላል። ከዚያ ገንዳ፣ መጀመሪያ ለአጭር ጊዜ፣ ከዚያ እየጨመሩ። ሰዓታት ዋኝቶ ሆዱ ደረቅ ሆኖ ከወጣ፣ ክብደቱም ከተመለሰ፣ ሳጥኑን ባሕሩ ዳር ከፍታችሁ ከኋላ ቁሙ።