ድምፁ እየተሰማ ቃሉ ሲያመልጥ፦ የከተማ ፋንታሲ የድምፅ መጽሐፍን ማጣጣም

የተራኪው ድምፅ ይሰማል፤ የሚለው ግን አይያዝም። ቮልዩም ሲጨመር ጩኸቱ ይብሳል እንጂ ቃሉ አይጠራም። ይህ የብዙ የድምፅ መጽሐፍ አድማጮች ችግር ነው፤ አስማትና የሌላ ዓለም ፍጡራን በከተማ ውስጥ በሚገኙበት የልብ ወለድ ዘውግ፣ በከተማ ፋንታሲ ላይ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። መፍትሔው ከምክንያቱ ስለሚነሣ መጀመሪያ ምክንያቱን እንይ።

ንግግር ጉልበቱን የሚያገኘው ከአናባቢዎች ነው። አብዛኛው የአናባቢ ጉልበት ከ1000 ሄርዝ በታች (ሄርዝ የድምፅ ድግግሞሽ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል) ስለሆነ ጆሮው የደከመ ሰውም ይሰማዋል። ቃልን ከቃል የሚለዩት ተነባቢዎች፣ በተለይ እንደ ስ፣ ፍ፣ ሽ፣ ት እና ክ ያሉት፣ ድምፃቸው ደካማ ነው፤ መለያቸውም በአብዛኛው ከ2000 እስከ 8000 ሄርዝ ባለው ክልል ውስጥ ነው። በዕድሜ ወይም በኃይለኛ ድምፅ ሳቢያ የሚመጣ የመስማት መቀነስ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያጠቃው ይህንኑ ከፍተኛ ክልል ነው። ያኔ «ሠራ» ይሁን «ፈራ» ሳይለይ የቃሉ ጫፍ ብቻ ጆሮ ይደርሳል።

በሌላ ልብ ወለድ ይህ ብዙም አይጎዳም፤ የጎደለውን አእምሮ ከዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ ተነሥቶ ይሞላዋል። የከተማ ፋንታሲ ግን ደራሲው በፈጠራቸው ስሞች የተሞላ ነው፦ የጎሳ ስም፣ የድግምት ቃል፣ ከከተማው ሥር ያለ የስውር ገበያ መጠሪያ፣ የሌላ ዓለም ፍጡር። አእምሮ ቀድሞ የማያውቀውን ቃል ሊሞላ አይችልም። ስለዚህ የድምፅ ማስተካከያዎችን ከመነካካት በፊት ስሞቹን መያዝ ይቀድማል። አብዛኞቹ አድማጮች የሚዘሉት ይህንን ነው፤ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣውም ይኸው ነው።

ስሞቹን ቀድሞ መያዝ

የመጽሐፉን የጽሑፍ ቅጂ፣ ካልተገኘም በነፃ የሚሰጠውን የመጀመሪያ ምዕራፍ ናሙና አግኙ። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ስሞችን በወረቀት ላይ አውጡ። ከዚያ በላይ ከሆነ እየሰሙ መፈለግ ያዳግታል። በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ሦስት ወይም አራት ቃል ብቻ ጻፉ፦ ማን ነው፣ ከየትኛው ወገን ነው፣ ሰው ነው ወይስ ሌላ።

ቀጥሎ ተራኪው ስሙን መጀመሪያ ሲጠራ የሰማችሁትን በፊደል ጻፉ። በላቲን ፊደል የተጻፈ የፈጠራ ስም እንዴት እንደሚነበብ ከአጻጻፉ አይታወቅም፤ የእኛ ፊደል ግን አናባቢውን አብሮ ስለሚይዝ ለዚህ ሥራ እጅግ ይመቻል። የሚጠብቅ ድምፅ ካለ ከላዩ ነጥብ አድርጉበት። ሁለቱ አጻጻፎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይንና ጆሮ አንድ ስም ላይ ይገናኛሉ።

በጣም የሚያደናግሩት በአንድ ተነባቢ ብቻ የሚለያዩ ስሞች ናቸው። ለምሳሌ አንዷ «ሴሪት» ሌላዋ «ፌሪት» ብትባል፣ ከፍተኛው ድግግሞሽ ለማይሰማው ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው። እንዲህ ያሉትን በክብ አስምሩና የሚለዩበትን ሌላ ምልክት ፈልጉ፦ ተራኪው ለአንዷ የሚሰጣትን የአነጋገር ለዛ፣ ወይም አብሯት የሚጠራውን ቦታ። የምትለዩዋቸው በስሙ ሳይሆን በዚህ ምልክት ነው።

የአንባቢዎችን የገጸ ባሕርያት ማውጫ ከኢንተርኔት አትክፈቱ። ማን እንደሚሞት፣ ማን እንደሚከዳ በመጀመሪያው መስመር ይነግራችኋል። መጽሐፉ መግቢያው ላይ የገጸ ባሕርያት ዝርዝር ካለው እሱ ይበቃል።

ከዚያ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ ስሙ። ጆሮ አንድን አዲስ ድምፅና አነጋገር ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል፤ በሁለተኛው ዙር ያለምንም ማስተካከያ የሚጠራ ብዙ ነገር አለ።

ቅጂውን መምረጥ

አንድ ተራኪ ብቻ የሚያነበውን ቅጂ አስቀድሙ። በተዋንያን ቡድን፣ በሙዚቃና በድምፅ ማጀቢያ የተሠራው ቅጂ ለደህና ጆሮ ደስ ይላል፤ ለደከመ ጆሮ ግን ዝናቡና የመኪናው ጩኸት ንግግሩን ይሸፍነዋል። በሐሳብ የሚነጋገሩ ፍጡራን ባሉበት ታሪክ ድምፁ ላይ ማስተጋባት የሚጨምሩ አዘጋጆችም አሉ። ማስተጋባት ተነባቢዎችን ያጠፋል፤ ይህን ደግሞ በኋላ በማስተካከያ ማውጣት በጣም ያዳግታል።

የሽያጭ ናሙናው ብዙ ጊዜ ከመክፈቻው የተወሰደ ጸጥ ያለ ትረካ ነው። እሱን ሰምቶ መወሰን ያሳስታል፤ የሚያስቸግሩት ሹክሹክታውና ፍልሚያው ናቸው። ከተቻለ መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍት መተግበሪያ ተዋሱና መሐሉን ሞክሩት። አንዳንድ መጻሕፍት በተለያዩ አገሮች በተለያዩ ተራኪዎች ስለሚወጡ አንዱ ካልሆነ ሌላው ሊሆን ይችላል።

ድምፁን ማስተካከል

ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል፤ በዚሁ መንገድ ሂዱ። አንዱን ቀይራችሁ ያንኑ 30 ሰከንድ ደግማችሁ ስሙ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ሁሉም በአንድ ላይ ከተነካካ የትኛው እንደጠቀመ አይታወቅም።

መጀመሪያ ሞኖ። አንድ ጆሯችሁ ከሌላው ከደከመ፣ በስቴሪዮ ቅጂ ወደዚያ ወገን የተመደበው ገጸ ባሕርይ ይጠፋል። ሞኖ ሁለቱንም ወገን በእያንዳንዱ ጆሮ ያሰማል። በአይፎንም በአንድሮይድም በሴቲንግ ውስጥ በአክሰሰቢሊቲ ሥር ይገኛል፤ የግራና ቀኝ ሚዛኑም እዚያው ነው።

ሁለተኛ ኢኳላይዘር፣ ማለትም የወፍራሙንና የቀጭኑን ድምፅ መጠን ለየብቻ የሚቀይረው ማስተካከያ። ሰዎች ወዲያው ከፍተኛውን ክልል ወደ መጨመር ይሮጣሉ፤ መጀመሪያ ግን ዝቅተኛውን ቀንሱ። ወፍራም ድምፅ ከበላዩ ያለውን ቀጭን ድምፅ ይሸፍናል፤ ሸፋኙ ሲነሣ የተሸፈነው በራሱ ብቅ ይላል። ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን እስከ መጨረሻው አውርዱ፤ የሰው ንግግር እዚያ ብዙ ነገር የለውም። ከ200 እስከ 300 ሄርዝ ያለውን 3 ወይም 4 ዴሲቤል ቀንሱ። ከዚህ በኋላ ከ2000 እስከ 4000 ሄርዝ ያለውን ከ3 እስከ 5 ዴሲቤል ጨምሩ። 6000 አካባቢ 2 ዴሲቤል ይበቃል፤ «ስ» እንደ ፉጨት መውጋት ከጀመረ መልሱት።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው፣ ክልሎቹን ከፍ አድርጎ ፕሪአምፑን (የኢኳላይዘሩን ጠቅላላ የድምፅ መጠን) ባለበት መተው ነው። 5 ዴሲቤል ከጨመራችሁ ፕሪአምፑን 5 ዴሲቤል ዝቅ አድርጉ፤ አለዚያ ድምፁ ጣሪያ መትቶ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ቃሉን መልሶ ያደበዝዘዋል። ሁለተኛው፣ ጆሮ ፈጽሞ የማይሰማውን ክልል መጨመር ነው። የመስማት ምርመራ ውጤታችሁ ከ4000 ሄርዝ በላይ በጣም የወረደ ከሆነ እዚያ አትድከሙ፤ ከ1500 እስከ 3000 ያለው ላይ ሥሩ።

ስማርት ኦዲዮቡክ ፕሌየር እና ቪኤልሲ የተባሉት የማጫወቻ መተግበሪያዎች የራሳቸው ኢኳላይዘር አላቸው፤ ነገር ግን የሚከፍቱት ያልተቆለፈ ፋይል ነው። ከመደብሩ መተግበሪያ ውጭ የማይከፈት መጽሐፍ ከሆነ ስልኩ ራሱ ላይ ያለውን ማስተካከያ ተጠቀሙ። አይፎን ከ2020 ጀምሮ፣ ማለትም ከአይኦኤስ 14 ወዲህ፣ ለተወሰኑ ማዳመጫዎች ለስላሳ ድምፅን ብቻ ለይቶ የሚያጎላ ቅንብር አለው፤ የመስማት ምርመራ ውጤትንም ይቀበላል።

ሦስተኛ ኮምፕረሰር፣ ማለትም የጮኸውንና የለዘበውን ድምፅ የሚያቀራርበው ማስተካከያ፤ ለሹክሹክታው የሚሆነው መድኃኒት ይህ ነው። ብዙ የድምፅ መጻሕፍት የሚያልፉበት የኤሲኤክስ (የአማዞን የድምፅ መጽሐፍ ማዘጋጃ መድረክ) መስፈርት የፋይሉ አማካይ ከፍታ ከ-23 እስከ -18 ዴሲቤል፣ ጫፉም ከ-3 እንዳይበልጥ ያዛል (በፋይል ውስጥ ጣሪያው 0 ስለሆነ ቁጥሮቹ ከዜሮ በታች ናቸው)። አማካዩ ትክክል ቢሆንም በውስጡ ያለች አንዲት የሹክሹክታ ዐረፍተ ነገር ከዚያ በጣም ልትወርድ ትችላለች። ያልተቆለፈ ፋይል ካላችሁ ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ የኮምፒውተር ድምፅ ማረሚያ ከፍታችሁ በኮምፕረሰሩ ውስጥ መነሻውን (Threshold) -25 ዴሲቤል፣ ንጽጽሩን (Ratio) 3 ለ 1 አድርጉ፤ ከዚያ ጫፉን በ-3 አስተካክሉ። 6 ለ 1 እና ከዚያ በላይ ስትሄዱ በዐረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ትንፋሽና የክፍሉ ሽውታ አብሮ ይነሣል። ዋናውን ፋይል አትንኩ፤ በቅጂው ላይ ሥሩ።

ፍጥነት 0.9 ወይም 0.85 ይሁን። ከ0.75 በታች ድምፁ ይጎተታል፣ የዐረፍተ ነገሩ ዜማም ይፈርሳል፤ እንደ ማጣት የሚቆጠረው ይኸው ዜማ ነው፣ ቃሉን ለመገመት ይረዳ ነበርና። ዝምታን የሚቆርጠውን አማራጭ አጥፉት፤ አእምሮ የደበዘዘውን ቃል የሚፈታው በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው። የወደ ኋላ መመለሻውን ከ30 ወደ 10 ወይም 15 ሰከንድ አውርዱት።

ማዳመጫና ቦታ

ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚከድን ማዳመጫ ከስልኩ ድምፅ ማጉያ በብዙ ይሻላል። በብሉቱዝ ስትሰሙ ድምፁ በድንገት እንደ ስልክ ጥሪ ከጠበበ፣ አንድ ሌላ መተግበሪያ ማይክሮፎኑን ከፍቶ ማዳመጫውን ወደ ጥሪ ሁኔታ ወስዶታል ማለት ነው። የድሮው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው እስከ 3400 ሄርዝ ብቻ ነበር፤ እንዲህ ሲጠብ የሚጠፉት ተነባቢዎቹ ናቸው። መተግበሪያውን ዝጉት፣ ማዳመጫውንም አጥፍታችሁ አብሩት።

የመስሚያ መሣሪያ የምታደርጉ ከሆነ ድምፁን በቀጥታ ወደ መሣሪያው ላኩት። ብዙ መሣሪያዎች ለዚህ የተለየ ፕሮግራም አላቸው፤ ባለሙያው ለጭውውት ያስተካከለው እዚያ ላይ ላይሠራ ስለሚችል «ለድምፅ መጽሐፍ ነው» ብላችሁ ለይቶ እንዲያስተካክልላችሁ ጠይቁት። ቀጥታ መላክ ካልተቻለ ከላዩ የሚደረገው ማዳመጫ ከጆሮ ጀርባ ያለውን ማይክሮፎን የሚያካትት ሰፊ ይሁን፤ ከተጫነው ይፏጫል።

የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ዕቃ እያጠባችሁ አትስሙ። የሚፈስ ውኃ ድምፅ በከፍተኛው ክልል ላይ ተዘርግቶ ተነባቢዎቹን በትክክል ይሸፍናል። የመኪና ሞተር ደግሞ ከታች ይሸፍናል። በጸጥታ ውስጥም ቢሆን 40 ደቂቃ ሲሞላ ዕረፍት ውሰዱ፤ ቃል መገመት አድካሚ ሥራ ነው፣ የደከመ አድማጭም ታሪኩን ሳይሆን ጆሮውን መታገል ይጀምራል።

የከፍታ ልክ አለው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለአዋቂ ያስቀመጡት 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይወርዳል፣ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ችግሩ ቀስ ብሎ የመጣ ከሆነ የጆሮ ኩክም ሊሆን ስለሚችል አስመርምሩ፤ በጥጥ እንጨት አትነካኩት። አንድ ጆሮ በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከደነዘዘ ግን ማስተካከያውን ትታችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ሕክምናው የሚሠራው ቶሎ ሲጀመር ነው።

ጽሑፉን አጠገብ ማድረግ

የጽሑፍ ቅጂውን ከፍቶ ማስቀመጥ ሽንፈት አይደለም፤ የዚህ ዘውግ አንባቢ ከተማዋን በዓይነ ኅሊናው ለመሣል ስሞቹ በትክክል ያስፈልጉታል። ድምፅንና ጽሑፍን አጣምረው መያዝ በሚችሉት የዲጂታል መጽሐፍ ቅርጸቶች፣ በዴዚ ወይም በኢፐብ 3፣ የተዘጋጀ መጽሐፍ የሚነበበውን ዐረፍተ ነገር በቀለም እያሳየ ሊሄድ ይችላል። ላይቭ ካፕሽን በ2019 አንድሮይድ ላይ የመጣ ሲሆን በስልኩ የሚሰማውን ንግግር ያለ ኢንተርኔት ይጽፋል። የሚሠራው ግን በተወሰኑ ቋንቋዎች ነው፤ የፈጠራ ስሞችንም ወደሚያውቀው ተራ ቃል ይለውጣቸዋል። «ሴሪት»ን በሌላ ስም ቢጽፋት አትደናገጡ፤ ወረቀታችሁን እዩ።

አንድ ቃል ሲያመልጥ ሁልጊዜ አትመለሱ፤ ደስታውን የሚገድለው ይህ ነው። ያመለጠው የቦታ ወይም የዕቃ ስም ከሆነ ቀጥሉ፤ ዳግም ይጠራል። ማን ምን እንዳደረገ ከጠፋባችሁ 15 ሰከንድ ተመለሱ። ሁለቴ ተመልሳችሁ ካልተያዘ ያቺን ገጽ በዓይን አንብቡና ድምፁን ከዚያ ቀጥሉ። ፍልሚያዎችና ብዙ ሰው የሚናገርባቸው የጉባኤ ትዕይንቶች በተለይ እንዲህ ቢያዙ ይሻላል።

የስሞቹን ወረቀት አትጣሉት። የከተማ ፋንታሲ አብዛኛውን ጊዜ በተከታታይ ክፍሎች ስለሚወጣ ስሞቹ በሚቀጥለው መጽሐፍ ይመለሳሉ። ተራኪው ከተለወጠ ግን አጠራሩም ሊለወጥ ይችላል፤ ያኔ በፊደል የጻፋችሁትን አምድ ብቻ አዲሱን ምዕራፍ እየሰማችሁ እንደገና ሙሉት።