ለአይሪሽ ሙዚቃ ብላችሁ ቅዳሜና እሁድን ክሌር ስታሳልፉ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ማሲንቆ እየሰማ ያደገ ጆሮ ለአይሪሽ ፊድል፣ ማለትም ለቫዮሊናቸው፣ ባዳ አይሆንም። ስለዚህ ከፍራንክፈርት ወይም ከስቶክሆልም ተነስቶ፣ ለሁለት ሌሊት ብቻ ብሎ ወደ አየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ የሚበር ሐበሻ ቢያጋጥመኝ አይገርመኝም። ክሌር የምትባለው ካውንቲ ለዚህ የተመቸች ናት። ኤኒስ፣ ዱሊን፣ ሚልታውን ማልቤይ፤ ትንንሽ ቦታዎች ናቸው፤ ሙዚቃው ግን ሞልቷል።

ብዙ ጊዜ መድረክ የለም። ሙዚቀኞቹ ፐብ ውስጥ ጥግ ይዘው፣ ጠረጴዛ ከበው፣ እርስ በርስ እየተያዩ ይጫወታሉ። ሴሽን ይሉታል። የሚጫወቱት በመጀመሪያ ለራሳቸው ነው፤ እኛ ጎረቤት ነን። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ግማሹ ይህን ከመርሳት የሚመጣ ነው። ሰዓቱን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የመጠጥ ቤት ሰዓት በእኛ ከተቆጠረ መደናገር ነው።

ሸንገን አለኝ ብሎ ትኬት መቁረጥ

ይሄ ከሁሉም ውድ ስህተት ነው። አየርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ናት፤ ሸንገን ውስጥ ግን የለችም። የጀርመን ወይም የጣሊያን መኖሪያ ፈቃድ ኖሯችሁ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከሆነ፣ ለአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ቤተሰብ የሚሰጠው ልዩ ካርድ ከሌላችሁ በቀር የአየርላንድ ቪዛ ያስፈልጋችኋል። የእንግሊዝ ቪዛም አያስገባችሁም። ማመልከቻ ከጉዞው 3 ወር ሲቀረው ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ቶሎ ብትጀምሩ ይሻላል። በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የምትንቀሳቀሱም «ጓደኛዬ ባለፈው ገብቷል» በሚል ወሬ አትነሱ። ደንቡ ተለዋውጧል፤ ኤምባሲውን ጠይቁ።

«እግረ መንገዳችንን ቤልፋስትንም አይተን እንመለስ» የሚል ሐሳብ ካለ ደግሞ፣ ቤልፋስት የእንግሊዝ መንግሥት ግዛት ናት። መንገዱ ላይ ኬላ የለም። ሕጉ ግን አለ።

የተሳሳተ ሳምንት መምረጥ

ሰው ስለ ክሌር ሲሰማ መጀመሪያ የሚሰማው የዊሊ ክላንሲን ሳምንት ነው። በጁላይ መጀመሪያ ሚልታውን ማልቤይ ውስጥ ይካሄዳል። በ1973 ያረፈውን የፓይፕ (በወናፍ አየር የሚሞላ ባለ ከረጢት መሣሪያ) ተጫዋች ዊሊ ክላንሲን ለማሰብ በዚያው ዓመት የተጀመረ ነው። ትልቅ ነገር ነው፤ ግን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት ክፍል አለ፣ የሚቆየውም ሳምንት ነው። ከተማዋ ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ስለሆነች አልጋ ከወራት በፊት ያልቃል። ለሁለት ቀን ብላችሁ ሄዳችሁ በር ላይ ተጋፍታችሁ ትመለሳላችሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ እኔ የምመርጠው በኖቬምበር የሚደረገውን የኤኒስ ፌስቲቫል ነው። ዱሊንም በፌብሩዋሪ መጨረሻ በቲን ዊስል፣ ማለትም በቆርቆሮ ዋሽንት ለሚታወቀው ለማይኮ ረስል መታሰቢያ የሚሆን ቅዳሜና እሁድ አላት። ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ዝናቡም በጎን ነው የሚመጣው፤ ጃንጥላ ዋጋ የለውም። ፐቡ ውስጥ ግን ወንበር አይጠፋም።

ደብሊን ማረፍ

የሻነን አየር ማረፊያ ያለው እዚያው ክሌር ውስጥ ነው፤ ለኤኒስ ቅርብ ነው። ደብሊን ካረፋችሁ ደሴቲቱን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው፤ ዓርብ ማታ መንገድ ላይ ያልቃል። ከኤኒስ ወደ ዱሊን 350 ቁጥር አውቶቡስ አለ፤ ሴሽን ሲያልቅ ግን አውቶቡስ አትጠብቁ። በእግር የምትደርሱበት ማደሪያ ያዙ፣ ካልሆነ ታክሲውን ቀን ላይ ተናገሩ።

ባዶ ወንበር ማየትና መቀመጥ

9፡30 ገደማ ነው። ጥግ ላይ ያለው ጠረጴዛ ዙሪያ አንድ ወንበር ባዶ ነው። ፊቱ ግማሽ የተጠጣ ጊነስ አለ፣ ሥሩ የተከፈተ የፊድል ሳጥን። ባለቤቱ ሊያጨስ ወጥቷል፤ ከ2004 ጀምሮ ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው። እዚያ አትቀመጡ። ጠረጴዛው ገና ማንም ሳይመጣበትም ቢሆን አትቀመጡ፤ ቦታው የተጫዋች ነው። ትንሽ ራቅ ብላችሁ፣ ፊታችሁን ወደ እነሱ አድርጋችሁ መቀመጥ በቂ ነው።

አብሮ ማጨብጨብ

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ይቸገራል። ጂግ የሚባለው ምት ስድስት በስምንት ነው፤ በጭክችካ ያደገ እጅ ወዲያው ያገኘዋል፤ ማረፍም አይፈልግም። ግን ኮንሰርቲና የምትባለው ትንሽ አኮርዲዮንና የእንጨት ፍሉት ድምፃቸው ስስ ነው። ጭብጨባው ይውጣቸዋል፤ ሩጫውንም ያዛባባቸዋል። በእግር ምት መያዝ ይቻላል፤ ራሳቸውም የሚያደርጉት እሱን ነው።

የት ላይ እንደሚያልቅ ማወቅም ይከብዳል። አንዱ ይጀምራል፣ ሌሎቹ ይከተላሉ። ያው ዜማ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ከዚያ ጀማሪው ቀና ይልና ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል፣ ሳያቆሙ ወደ ሌላ ዜማ ይገባሉ። አንድ ረጅም ዘፈን የሚመስላችሁ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ዜማ ነው። ሁሉም እጁን አሳርፎ ብርጭቆውን ሲያነሳ፣ ያኔ አጨብጭቡ።

እስክስታውን ደግሞ ለሌላ ቀን አቆዩት። ዳንስ ከተፈለገ ኬሊ የሚባለው የጭፈራ ምሽት አለ፤ የማይችለውንም እያስተማሩ ያስገባሉ።

አዝማሪ ቤት ያለን መስሎን «ተቀበል» ማለት

ግጥም መወርወር የለም። ግንባር ላይ ብር መለጠፍማ ጭራሽ አይታሰብ፤ ይደነግጣሉ። ብዙ ቦታ ፐቡ የሚከፍላቸው አንድ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የቀሩት በፍቅር የመጡ ናቸው። ማመስገን ከፈለጋችሁ ባንኮኒው ጋ ሂዱና «ለእነሱ አንድ አንድ» በሉ። ዘፈን ማዘዝም አይወደድም። በጣም ካማራችሁ በሁለት ጨዋታ መሃል ቀረብ ብላችሁ በቀስታ ጠይቁ፤ ትከሻውን ከሰበቀ ተዉት።

አንድ ሰው ያለ መሣሪያ መዝፈን ሲጀምር ግን ነገሩ ይለወጣል። ዓይኑን ይጨፍናል፤ ፐቡ ጸጥ ይላል። አንዳንዴ ጎረቤቱ የዘፋኙን እጅ ይይዝና እንደ ስልቱ ቀስ እያደረገ ያዞረዋል። በዚያ ሰዓት ቢራ ማዘዝ፣ ወሬ፣ ፍላሽ ያለው ስልክ፣ ሁሉም ነውር ነው።

ክራር ይዞ መሄድ

መሣሪያ የምትጫወቱ ከሆነ ፈቃድ ጠይቁ፤ ደግነታቸው ያስደንቃል። ግን ክራር በአንድ ቅኝት ተቃኝቶ ነው የሚቀመጠው። ትዝታ ላይ የተቃኘ ክራር ሰባት ድምፅ የሚጠቀም ሪል የሚባል ፈጣን የዳንስ ዜማ ሲመጣበት ጣት ማሳረፊያ ያጣል፤ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ዜማው ተቀይሯል። በሴሽኑ መሃል ከመታገል፣ ዕረፍት ሲሆን «የኛን አንድ ላሰማችሁ?» ማለት ይሻላል። ቦራን የተባለውን ባለ አንድ ገጽ ከበሮ «ቀላል ነው» ብሎ መዋስም አይሆንም። አንድ ከተያዘ ሁለተኛ አይጨመርም።

ልጆችና ሆድ

ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከ9 ሰዓት በኋላ ፐብ ውስጥ አይቆዩም፤ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር እስከ 10 ይፈቀዳል። ልጅ ከያዛችሁ የከሰዓቱን ሴሽን ፈልጉ። ወጥ ቤቱም ከሙዚቃው በፊት ስለሚዘጋ ቀደም ብላችሁ ብሉ። ዓርብ ደርሳችሁ ጾመኛ ከሆናችሁ የአትክልት ሾርባ ሲባል አትመኑ፤ ቅቤ ወይም ክሬም ሊኖርበት ስለሚችል ጠይቁ። ድንች ጥብሱ ግን የትም አይጠፋም። አልኮል አለመጠጣት ችግር የለውም፤ ችግሩ አንዱ ለሁላችሁ ዙር ከገዛ በኋላ ተራችሁን መርሳት ነው። ባትጠጡም ለእነሱ ትገዛላችሁ።

እሁድ ጠዋት መመለስ

ዓርብና ቅዳሜ ቱሪስት ይበዛል። እሁድ ከሰዓት ግን የሠርጉም የሥራውም ግርግር አብቅቶ የአካባቢው ተጫዋቾች ዘና ብለው የሚገናኙበት ሰዓት ነው፤ እሱን አውሮፕላን ላይ ሆኖ ማሳለፍ ያስቆጫል። የእሁድ አውቶቡስ ከሌላው ቀን ሊያንስ ስለሚችል ሰዓቱን አስቀድማችሁ እዩ። ከሻነን ሰኞ የሚነሳ በረራ ካገኛችሁና ዋጋው ያን ያህል ካልተለየ እሱን ያዙ።