የአናባቢ ስምምነት ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

«ቤት» ሲበዛ «ቤቶች» ነው። «ሱቅ» «ሱቆች»፣ «ልጅ» «ልጆች» ይሆናል። ቃሉ ምንም ዓይነት አናባቢ ይኑረው፣ «-ኦች» ንቅንቅ አይልም። ቱርክኛ ግን እንዲህ አይደለም። «ኤቭ» (ቤት) ሲበዛ «ኤቭሌር» ይባላል። «አት» (ፈረስ) ደግሞ «አትላር»። ቅጥያው ያው አንድ ቅጥያ ነው፤ አናባቢውን ግን ከተቀጠለበት ቃል ጋር እያስማማ ይቀያይራል። የአናባቢ ስምምነት የሚባለው ይህ ነው።

ይህን ነገር በጣም እወደዋለሁ። ሲነገር ስሰማ ግን ብዙ ጊዜ ተጣምሞ ነው። እኔም ከእነዚህ ስህተቶች ውስጥ ጥቂቱን ሠርቻቸዋለሁ፤ ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው።

ስህተት 1፦ አንድ አናባቢ ሲደጋገም ስምምነት ነው ማለት

የመጀመሪያው መሰናከያ ስሙ ራሱ ነው። «ስምምነት» ሲባል በቃሉ ውስጥ ያሉት አናባቢዎች አንድ ዓይነት መሆን ያለባቸው ይመስለናል። «ኤቪም» (ቤቴ) የሚለውን የቱርክኛ ቃል ግን እዩት። ኤ እና ኢ አሉበት። አንድ አይደሉም፤ ሆኖም ይስማማሉ። ምክንያቱም ሁለቱም ሲነገሩ ምላስ ወደ ፊት ይገፋል። የሚስማማው ድምፁ በሙሉ ሳይሆን ከድምፁ አንዱ ባሕርይ ነው።

ቱርክኛ 8 አናባቢዎች አሉት። በሦስት ጥያቄ ሁሉንም መለየት ይቻላል። ምላስ ወደ ፊት ነው ወይስ ወደ ኋላ? ከንፈር ክብ ነው ወይስ የተዘረጋ? ምላስ ከፍ ብሏል ወይስ ዝቅ? ሁለት በሁለት በሁለት፣ 8። ከእነዚህ አንዱ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከሳድሳችን ከ«እ» ጋር በጣም ይቀራረባል። «ክዝ» (ሴት ልጅ) የሚለውን የቱርክኛ ቃል አማርኛ ተናጋሪ ሳይቸገር ይለዋል። ሌሎች ሁለቱ ግን በፊደላችን የሉም። አንዱን አሁኑኑ ሞክሩት። «ኢ» በሉና ድምፁን ያዙት። ምላሳችሁን ሳታንቀሳቅሱ ከንፈራችሁን ብቻ «ኡ» እንደምትሉ አሹሉት። የወጣው ድምፅ ከሁለቱ አንዱ ነው።

የዚሁ ስህተት ሌላ ገጽታ በራሳችን ቋንቋ ላይ ይታያል። «ሰበረ ላይ ሦስቱም ፊደላት ግእዝ ናቸው፤ ስለዚህ አማርኛም ስምምነት አለው» ሲባል ሰምቻለሁ። አይደለም። የቃሉ ሥር ስ-ብ-ር ነው። አናባቢዎቹ የሚመጡት ከግሡ ቅርጽ ነው፦ ሰበረ፣ ይሰብራል፣ ሰባሪ፣ ስብራት። አንዱ አናባቢ ሌላውን እየጎተተው አይደለም። ቅርጹ ሲቀየር ሁሉም ይቀየራሉ።

ስህተት 2፦ የቃሉን መጀመሪያ ማየት

ቱርክኛ የሚማር ሰው «ኪታፕ» (መጽሐፍ) ጋር ሲደርስ ይቆማል። ኢ የፊት ነው፣ ኣ የኋላ ነው፤ የቱን ይከተል? መልሱ ቀላል ነው። ቅጥያው የሚያየው የመጨረሻውን አናባቢ ነው። ስለዚህ «ኪታፕላር»። በተመሳሳይ «በኢስታንቡል» ለማለት «ኢስታንቡልዳ» ይባላል፤ ከፊት ያለው ኢ አይቆጠርም።

«ጌሊዮሩም» (እየመጣሁ ነው) የሚለውን ቀርበን እንፍታው። «ጌል» ሥሩ ነው፤ አናባቢው የፊት ነው። ተከትሎት የመጣው ኢ ይስማማል። ቀጥሎ «ዮር» ይመጣል። ይህ ቅጥያ ግትር ነው፤ ከማንም ጋር አይስማማም፣ ኦውን ይዞ ይቀመጣል። ከእሱ በኋላ የሚመጣው «እኔ» ባይ ቅጥያ ታዲያ ወደ ሥሩ ዘሎ አይመለከትም። ጎረቤቱን «ዮር»ን ይሰማና «ኡም» ይሆናል። ስምምነት ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሚተላለፍ ነገር እንደሆነ በአንድ ቃል ውስጥ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ይህ ደንብ ግን የሚያፈነግጡ ቃላት አሉት። ከዐረብኛ የገባው «ሳኣት» (ሰዓት) ሁለት ኣ ይዞ ሳለ ሲበዛ «ሳኣትሌር» ነው። እንዲህ ያሉትን እንደመጡ መያዝ ነው። ጥቂት ያፈነገጡ ቃላት አይቶ «ደንቡ አይሠራም» ማለት ግን ችኮላ ነው።

ስህተት 3፦ የፊትና የኋላ ብቻ ነው ማለት

አብዛኛው ሰው ይህን ነገር የሚያውቀው በቱርክኛ፣ በፊንላንድኛ ወይም በሀንጋሪኛ በኩል ነው። ስለዚህ ስምምነት ሁሉ ምላስ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ የመሄድ ጉዳይ ይመስለዋል።

ስዋሂሊን እንይ። «ፒካ» ማብሰል ነው፤ ለሌላ ሰው ማብሰል «ፒኪያ» ይባላል። «ሶማ» ማንበብ ነው፤ ለሌላ ሰው ማንበብ ግን «ሶሜያ»። እዚህ ቁም ነገሩ የምላስ ከፍታ ነው። በሥሩ ውስጥ ኤ ወይም ኦ ካለ ቅጥያው ኤ ይሆናል። ኢ ወይም ኡ ካለ ኢ ይሆናል። ኣስ? «ፓታ» (ማግኘት) «ፓቲያ» ይሆናል። ኣ ከሁሉም ዝቅ ያለ አናባቢ ሆኖ ሳለ ከከፍተኞቹ ወገን ይሰለፋል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ኪርጊዝኛ ደግሞ የከንፈርን ክብነት አጥብቆ ይይዛል። «ቶኦ» (ተራራ) ሲበዛ «ቶኦሎር» ነው፤ ዘመዱ ካዛክኛ ግን «ታውላር» ይላል።

ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ሌላ ዓይነት አለ። በጋናው አካን እና በናይጄሪያው ኢግቦ የሚወስነው የምላስ ሥር ነው። የምላስ ሥር ወደ ፊት ሲሳብ ጉሮሮ ውስጥ ያለው ቦታ ይሰፋል፣ ድምፁም ይለወጣል። የቋንቋ አጥኚው ጆን ስቲዋርት የአካንን ስምምነት በምላስ ሥር ያስረዳው በ1967 ነው። ኢግቦ 8 አናባቢዎቹን በዚህ መሠረት አራት አራት አድርጎ ይከፍላል። አንድ ነገር ልጨምር። በኢግቦ ከሥሩ በፊት የሚመጣው ቅጥያም ይስማማል። ስለዚህ «ስምምነት ሁልጊዜ ወደ ኋላ፣ ወደ ቃሉ መጨረሻ ነው የሚሄደው» የሚለውም አይሠራም።

ስህተት 4፦ ፊደልን ማመን

ኢግቦ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ሲ» የሚመስሉ ሁለት ግሦች አሉ። አንዱ ማብሰል፣ ሌላው ማለት ነው። በጽሑፍ የሚለያቸው ከአናባቢው ሥር የምትቀመጥ አንዲት ነጥብ ናት። ሰዎች በስልክ ሲጻጻፉ ነጥቧን ይተዋታል። ታዲያ እንዴት ይለያሉ? «እያበሰለ» ለማለት «ና-ኤሲ»፣ «እያለ» ለማለት «ና-ኣሲ» ነው። ነጥቧ ብትጠፋም ከፊት ያለው አናባቢ ልዩነቱን ይዞታል። ጽሑፉ የጣለውን ስምምነቱ ያነሳዋል።

አካን ደግሞ የሚጻፈው በ7 የአናባቢ ፊደላት ነው፤ የሚነገሩት አናባቢዎች ግን ከዚያ ይበዛሉ። አንዱ ፊደል ሁለት ድምፅ ይሸከማል። በጽሑፍ ብቻ ያየ ሰው ሁለቱ ወገኖች የተቀላቀሉ ይመስለዋል። እኛም እነዚህን ቋንቋዎች በሰባቱ የፊደል ረድፎች ስንጽፍ ያው ችግር ይገጥመናል፤ ከላይ የጻፍኳቸው ምሳሌዎች በሙሉ ወደ ድምፁ ቀረብ ያሉ እንጂ ድምፁ ራሱ አይደሉም። ስለዚህ ቃላቱን በተናጋሪ አፍ ስሟቸው።

ስህተት 5፦ ስምምነት ካላቸው ዘመድ ናቸው ማለት

ቱርክኛም ሀንጋሪኛም ፊንላንድኛም ስምምነት አላቸው። ከዚህ ተነስቶ ሁሉንም በአንድ ቤተሰብ የሚያስገባ «ኡራል-አልታይ» የሚባል ሐሳብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገንኖ ነበር። ዛሬ ተቀባይነት የለውም። ፊንላንድኛና ሀንጋሪኛ በእርግጥ ዘመዳሞች ናቸው፤ የሚያስረዳው ግን የጋራ ቃላታቸውና ሰዋስዋቸው ነው። በአውስትራሊያ የሚነገረው ዋርልፒሪም ስምምነት አለው። ከኢግቦ ጋር ምን ያገናኘዋል?

በተቃራኒው ደግሞ ዘመድ ሆኖ ስምምነቱን የጣለ አለ። ኤስቶንያኛ የፊንላንድኛ የቅርብ ዘመድ ነው፤ መደበኛው ኤስቶንያኛ ግን ስምምነት የለውም። ቱርክኛ «ዲል» (ምላስ፣ ቋንቋ) ብሎ «ዲልሌር» ብሎ ያበዛል። ኡዝቤክኛ ያንኑ ቃል «ቲል» ይላል፤ ሲያበዛው ግን «ቲልላር» ነው። በመደበኛው ኡዝቤክኛ ሁሌም «-ላር» ነው፣ ልክ እንደ እኛ «-ኦች»።

ስህተት 6፦ ትርጉም የለውም ማለት

በአብዛኛው እውነት ነው፤ «-ላር»ም «-ሌር»ም ብዛት ከመሆን አያልፉም። ኮሪያኛ ግን ሌላ ነገር ያሳየናል። ትንሽ ጠጠር ውሃ ውስጥ ስትገባ «ፖንግዳንግ» ትላለች። ትልቅ ነገር ሲወድቅ «ፑንግደንግ» ነው። ተነባቢዎቹ ያው ናቸው። አናባቢዎቹ በሙሉ «ብሩህ» ከሚባለው የኮሪያኛ አናባቢ ወገን «ጨለማ» ወደሚባለው ሲሻገሩ ድንጋዩ ገዘፈ።

ስህተት 7፦ ገለልተኛ አናባቢን እንደ ስህተት መቁጠር

በሀንጋሪኛ «ሃዝ» (ቤት) «ሃዝባን» ሲሆን «ቤት ውስጥ» ነው። «ኬርት» (የአትክልት ቦታ) ደግሞ «ኬርትቤን»። እስከዚህ ድረስ ግልጽ ነው። ኢ ግን ከሁለቱም ወገን ጋር መኖር ትችላለች። ስለዚህ ኢ ብቻ ያላቸው ቃላት ሲመጡ ተማሪ ግራ ይጋባል። «ቪዝ» (ውሃ) ሲበዛ «ቪዜክ»። «ሂድ» (ድልድይ) ሲበዛ «ሂዳክ»። አናባቢው አንድ፣ ብዜቱ ሁለት።

«ያለ ምክንያት ነው፣ ሸምድደው» ብሎ ማለፍ ያሳዝነኛል። ምክንያት አለው። አጥኚዎች እንደሚያስረዱት በድሮው ሀንጋሪኛ «ሂድ» ውስጥ የነበረው ኢ አልነበረም። ከንፈር ሳይከብ ከኋላ የሚነገር፣ ወደ ሳድሳችን የሚጠጋ አናባቢ ነበር። ያ አናባቢ ቀስ በቀስ ከኢ ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ። ዛሬ ማንም አይለውም። «ሂዳክ» የሚለው ብዜት ግን አሁንም የሚስማማው ከእሱ ጋር ነው።