«አለቀብኝ» በእንግሊዝኛ

«ስኳር አለቀብኝ» ለማለት ብዙዎቻችን «ማይ ሹገር ኢዝ ፊኒሽድ» እንላለን። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው የሆነ ሰሚ ይገባዋል፤ እሱ ራሱ ግን እንዲህ አይልም። የሱ አባባል «ረን አውት ኦፍ» ነው፣ ላለፈ ጊዜ ደግሞ «ራን አውት ኦፍ»።

የሚያስቸግረው ትርጉሙ አይደለም፤ ማን ከፊት ይምጣ የሚለው ነው። ስለዚህ የአማርኛውን ግስ ጅራት እዩ። «ብኝ» ካለ በ«አይ» ጀምሩ፣ «ብን» ካለ በ«ዊ»፣ «ባት» ካለ በ«ሺ»። ያለቀውን ነገር መጨረሻ ላይ አስቀምጡት። «ስኳር አለቀብኝ» ሲሆን «አይ ራን አውት ኦፍ ሹገር»፤ «ሰዓት አለቀብን» ሲሆን «ዊ ራን አውት ኦፍ ታይም»። ገና «ሊያልቅብኝ ነው» ከሆነስ? «አይ አም ረኒንግ አውት ኦፍ ሹገር»። ይቺን በደንብ ያዟት፣ በየቀኑ ታስፈልጋለች።

ለምን ይሠራል? በአማርኛ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ስኳሩ ነው፤ የቸገረው ሰው ግሱ ጫፍ ላይ ተለጥፎ ይመጣል። እንግሊዝኛው ያንን ሰው ከጫፍ አንስቶ ፊት ያቆመዋል።

ጅራቱ ከሌለ፣ ዝም ብሎ «ስኳሩ አለቀ» ከሆነ፣ «ኦፍ»ን ጣሏት፦ «ዘ ሹገር ራን አውት»።

ለፊልም፣ ለስብሰባና ለትምህርት ግን አትጠቀሙበት። እነሱ አበቁ እንጂ አልተሟጠጡም። «ዘ ሙቪ ኢዝ ኦቨር» በሉ።